አንድ እሳት፣ ሁለት ዕዳ

አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ምግብ ለማብሰል ከሚያነድደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ስለ ጤናና ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ ግን የሚነሱት ችግኝ ተከላና ስፖርት ናቸው፤ ምጣዱን የሚያስታውሰው የለም። እኔ ወሬው ከምጣዱ ቢጀምር እመርጣለሁ። የእናትን ሳንባ የሚጎዳውም ተራራውን የሚያራቁተውም ያው አንድ እሳት ነውና።

በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። በሦስት ጉልቻ መሐል የሚነድ እንጨት ሙቀቱ በየጎኑ ይባክናል፤ በደንብ ያልነደደውም ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጣሪያው ላይ የምናየው ጥቀርሻ የጭሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ዐይን የማያየው ረቂቅ ብናኝ እስከ ሳንባ ጥግ ወርዶ ከደም ይቀላቀላል፤ በልጆች ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የዐይን ሞራ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል። ከነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን እሷ የምትስበውን አየር ይስባል፤ እንጀራ እስኪጋገር ሌላ ሰው ውጭ ቢይዘው ግን ምንም ወጪ የለውም።

የጫካውን ዕዳ አዲስ አበባ የቀመሰችው ገና በልጅነቷ ነው። ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ ስለጠፋ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያቆማት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋን እሳት ያነደዱት ከእንጦጦ ቁልቁል ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የወረዱ ሴቶች ናቸው፤ ወገባቸው ጎብጦ።

ከተሜው ጭስ ሲሰለቸው ወደ ከሰል ዞረ። ይህ እጅግ የሚያሳስበኝ ነገር ነው፤ ከሰል ስለማይጨስ ንጹሕ ይመስላልና። አንድ ኪሎ ከሰል በአፈር ተዳፍኖ እስኪወጣ ቢያንስ አምስት ኪሎ እንጨት ይበላል። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም። በክረምት ብርድ ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ከተኙት መካከል ሳይነቁ የቀሩ ብዙ ናቸው። ቡና የሚፈላበት ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፤ ወደ ቤት ከገባም መስኮት ይከፈት፤ ሌሊት ግን ፍም ቤት ውስጥ አይደር።

መፍትሔው አልጠፋም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ግድም የወጣው፣ ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ከተራው ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይወስዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እነዚህ ምድጃዎች በየቤቱ ያልገቡት ሴቶች ጉዳቱን ሳያውቁ ቀርተው ነው የሚል ትምህርት አዘል ንግግር ያሳዝነኛል። ዐይኗ የሚለበለብባት እሷ ናት፤ ከማንም በላይ ታውቃለች። የምድጃውን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል አይቻላትም፤ የቤቱ ገንዘብ በእጇ ካልሆነ ደግሞ ምድጃው ሁልጊዜ ከሌላው ግዢ ኋላ ይሰለፋል። ለዚህ ዕቁብ የገቡ ጎረቤታሞች ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ ሠርተዋል ባይ ነኝ።

እስከዚያው በእጅ ያለውን መልመድ ይቻላል። በደንብ የደረቀ እንጨት ከእርጥቡ ያነሰ ይጨሳል፤ ስለዚህ ማገዶው ዝናብ እንዳይነካው ይከለል። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ካደሩ ቶሎ ይበስላሉ። ድስት ይከደን። በየቀኑ እሳት ከማንደድ ይልቅ የሦስት አራት ቀን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ምጣዱን ደጋግሞ ከማሞቅ ያድናል።

ከሁሉ የሚሻለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ነውና። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሊጡን ይዞ ወደ ምጣዱ ስለሚሮጥ መስመሩ ይጨናነቃል፤ የሚችል ሰው ማታ ከሚበዛበት ሰዓት ውጭ ቢጋግር፣ የመጨረሻዋን እንጀራም ምጣዱን አጥፍቶ በቀሪው ሙቀት ቢያወጣት ለራሱም ለጎረቤቱም ይጠቅማል።

ስለ ተከራዮች ግን ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። አከራይና ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ውል ሲገባ የሚነገረው የመጀመሪያው ደንብ «ምጣድ አይሰካም» የሚል ነው። ተከራይዋም ደረጃ ሥር ወይም ጠባብ ኮሪደር ላይ ማገዶ ታነድዳለች፤ ልጆቿም አጠገቧ ይጫወታሉ። ለየተከራዩ የራሱ ቆጣሪ መግባቱ እስካሁን የሒሳብ ጉዳይ ተደርጎ ነው የሚታየው። የከተማ አስተዳደሮችና የመብራት አገልግሎቱ እንደ ክትባት ሁሉ የሕፃናት ጤና ሥራ አድርገው ይያዙት፤ ለቆጣሪው የሚጠየቀውም ክፍያ በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈል።