የትርኢቱ ትግልና የተሸናፊው ላብ

ስፖርት ከኅብረተሰቡ የኑሮና የሥራ ግንኙነት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። የሜዳው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ሕጉን ማን እንደሚያወጣና ገቢው ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ሳይጠይቁ ስለ ጨዋታው ብቻ መናገር ግማሹን ነገር ሸሽጎ ግማሹን እንደ ማውራት ይቆጠራል። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆነን በደሴና በኮምቦልቻ ወጣቶች ዘንድ «ሬስሊንግ» በሚል ስም የሚታወቀውን የአሜሪካ የትርኢት ትግል እንመርምር።

ይህ ትርኢት ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ቦርከና ሸለቆ ድረስ እንግዳ አይደለም። በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ይታያል፤ ልጆችም በየሰፈሩ ያስመስሉታል። ዘወትር የሚነሣው ክርክር ግን «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ከሚለው አያልፍም። በእኛ አስተያየት ለሠርቶ አደሩ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ውጤቱን የሚወስነው ማን ነው? ጉዳቱን የሚሸከመውስ ማን ነው? የሚለው ነው።

ሩሲያ ያልተወለደው «ሩሲያዊ»

የሙያውን ባሕርይ አጉልቶ የሚያሳየን «ኢቫን ኮሎፍ» የተባለው ተፋላሚ የሥራ ዘመን ነው። እውነተኛ ስሙ ኦሬያል ፔራስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ተወልዶ በካናዳ የወተት ላሞች በሚረቡበት የእርሻ ቦታ ያደገ ሰው ነበር። በ1961 ሥራ ሲጀምር አንድ ዐይኑን ሸፍኖ «ሬድ ማክነልቲ» የሚባል አየርላንዳዊ ሆኖ ቀረበ። በ1967 ደግሞ «የሩሲያው ድብ» ሆነ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለነበር የአሜሪካ ተመልካች የሚጠላው ሩሲያዊ ይፈለግ ነበር፤ ጥላቻም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ትኬት ይሸጥ ነበር።

ጥር 10 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ እኛ ዘንድ ከተራ በሚከበርበት ዕለት፣ ይህ ሰው በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ብሩኖ ሳማርቲኖን ጣለ። ሳማርቲኖ ኢጣሊያ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ ስደተኛው ሕዝብ እንደ ወንድሙ የሚያየው፣ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ የያዘ ነበር። ኮሎፍ ከገመዱ አናት ዘልሎ በጉልበቱ ሲያርፍበትና ዳኛው ሦስት ሲቆጥር ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ።

የድሉ ዕድሜ ግን 21 ቀን ብቻ ነበር። የካቲት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. ቀበቶው ለፖርቶ ሪኮው ተወላጅ ለፔድሮ ሞራሌስ ተላለፈ። ነገሩ ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ሳማርቲኖ ደክሞት ማረፍ ፈልጎ ነበር፤ ባለድርጅቶቹም ሕዝቡ የሚወዳቸውን ሁለት ጀግኖች እርስ በርስ ማጋጠም አልፈለጉም። ስለሆነም ቀበቶውን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያሻግር የተጠላ ሰው አስፈለገ። ኮሎፍ ድልድይ ነበር፤ ድልድይ ደግሞ ይሻገሩበታል እንጂ ማንም አይቀመጥበትም።

ሊሰመርበት የሚገባው ግን ይህ ሰው የዋዛ ሠራተኛ አለመሆኑ ነው። ከገመድ አናት ዘልሎ የባልደረባውን የጎድን አጥንት ሳይሰብር እንደሰበረ አስመስሎ ማረፍ ብዙ ልምድ ይጠይቃል። ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ በ1984 እ.ኤ.አ.፣ «የወንድሜ ልጅ» እየተባለ የቀረበለትን ኒኪታ ኮሎፍ የተባለ የሚኒሶታ ጀማሪ በመድረክ ላይ እየመራ ሙያውን አስይዟል። በ2017 እ.ኤ.አ. በ74 ዓመቱ አረፈ።

ከተፋላሚነት ወደ ማናጀርነት

በዚህ ሙያ ውስጥ «ማናጀር» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የራሱ የትግል ዘመን ያለፈበት ሠራተኛ ነው። ሉ አልባኖ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ ከቶኒ አልቶማሬ ጋር «ሲሲሊያውያን» በሚል ስም ሲታገል ከመካከለኛ ደረጃ አላለፈም ነበር። ዝናን ያገኘው ማናጀር ሆኖ ስለ ሌሎች ሲናገር፣ ሲሳደብና ዳኛውን ሲያዘናጋ ነው። ሥልጣን ያለው ይመስላል እንጂ፣ የግጥሚያው ውጤት በእሱ እጅም አልነበረም።

ጉዳቱ የማን ነው?

ድርጅቶቹ ለረጅም ዘመን ውጤቱ አስቀድሞ መወሰኑን ሲደብቁ ኖሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ግን ትልቁ ድርጅት ሥራው ስፖርት ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን ለኒው ጀርሲ ሴኔት በይፋ አስታወቀ። ያነሣሣው የእውነት ፍቅር ሳይሆን ከስፖርት ቁጥጥርና ከግብር ነፃ ለመሆን ያለው ፍላጎት ነበር።

በአንጻሩ ተፋላሚዎቹ በውላቸው ላይ «ተቀጣሪ» ሳይሆኑ «በራሳቸው የሚሠሩ ተቋራጮች» ተብለው ይጻፋሉ። ለማን እንደሚሸነፉ ይነገራቸዋል፤ ሥራው በየዕለቱ ለሚጎዳው ጤናቸው ግን ተቀጣሪ የሚያገኘው ዋስትና የላቸውም። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄሲ ቬንቱራ ባልደረቦቹ በማኅበር እንዲደራጁ ቀስቅሶ ነበር፤ ጥረቱ ግን አልሰመረም። ግንቦት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. ኦወን ሃርት በካንሳስ ሲቲ ለትርኢት ማድመቂያ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ትርኢቱ ግን አልተቋረጠም፤ ቀጣዮቹ ተፋላሚዎች ባልደረባቸው በወደቀበት መድረክ ላይ ወጥተው ሠሩ። «ውሸት ነው» ለሚሉ ወገኖች ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ውጤቱ የተጻፈ ነው፤ አጥንቱ ግን አጥንት ነው።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

በአገራችን ባህላዊ ስፖርቶች መካከል ትግል አንዱ ነው። ሁለት ሰዎች ተያይዘው ጉልበትና ብልሃት ይፈታተናሉ፤ የወደቀውም ተነሥቶ ከጣለው ጋር ይጨባበጣል። ወዳቂውን አስቀድሞ የሚጽፍ ባለቤት የለም፤ የተሸናፊው ክብርም አይሸጥም። ስለዚህ በየቀበሌው ወጣቶችን የሚያስተባብሩ ወገኖች ትርኢቱን በመከልከል ፈንታ ምን እንደሆነ ማስረዳት፣ ያልሠለጠነ ልጅ ሲያስመስለው አንገቱ ሊሰበር እንደሚችል ማስጠንቀቅ፣ ለባህላዊው ትግልም ሜዳና ዳኛ ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ወገኖች ደግሞ ትምህርቱ ይበልጥ ቅርብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተቀጣሪው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ መሆኑን በመርሕ ደንግጓል፤ በማኅበር የመደራጀት መብትንም አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ የሚጸናው «ተቀጣሪ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ኮሎፍና ባልደረቦቹ የተነፈጉት ይህንኑ አንድ ቃል ነበር። ስለሆነም ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ውሉ ምን ብሎ እንደሚጠራው ያንብብ፤ ማንበብ የተሳነውም ለማኅበሩ ወይም ለጎረቤቱ ያስነብብ። የተሸናፊው ላብም ላብ ነው፤ ላቡን በስሙ የሚያስጽፍ ግን ራሱ ሠራተኛው ነው።