ብዙ ድምፅ አግኝቶ መሸነፍ

የአሜሪካ ምርጫ ዜና በመጣ ቁጥር የልጄ ጥያቄ ያው ነው፦ «አባዬ፣ ብዙ ሰው የመረጠው እንዴት ይሸነፋል?»

እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ብልጫ ድምፅ አግኝተው ተሸንፈዋል። እዚያ የሚወስነው የየግዛቱ ወኪል መራጭ ነው፤ ከ538ቱ 270 ያገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። በአብዛኞቹ ግዛቶች በጥቂት ድምፅ የበለጠውም የግዛቱን ወኪሎች በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ግን በጎረቤት ለመሳቅ አንቸኩል! እዚሁ ካናዳ በ2021 ኮንሰርቫቲቭ 33.7፣ ሊበራል 32.6 በመቶ ድምፅ አገኙ። ወንበሩስ? ሊበራል 160፣ ኮንሰርቫቲቭ 119። በ2019ም እንዲሁ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ፓርክዴል ውስጥ ስንመርጥ በወረቀቱ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር ስም የለም፤ የምንመርጠው የሰፈራችንን እንደራሴ ነው። በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይይዛል። ኮንሰርቫቲቭ አልበርታ ላይ በሰፊው ሲያሸንፍ የተረፈው ድምፅ ቶሮንቶ መጥቶ አይረዳውም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ «እገሌ በሁለት ነጥብ ይመራል» ሲለን የሚነግረን የአገሩን ድምር እንጂ የወንበሩን ቁጥር አይደለም። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሚከተለው ይህንኑ አካሄድ ነው።

በ2007 ኦንታሪዮ «አሠራሩ ይቀየር ወይ?» ብላ ሕዝቧን ጠይቃ፣ 63 በመቶው እንዳለ ይቀጥል አለ።

«አንተስ ምን ብለህ መረጥክ?» አለኝ ልጄ።

ያኔ ዜግነት አልነበረኝም።