የታዳጊ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ክሂል፦ የሚያጎለብቱትና የሚያዳክሙት ምክንያቶች

እንግሊዝኛ የሚያዳምጥ ታዳጊ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያከናውናል። ሳይቋረጥ ከሚፈሰው ድምፅ ቃላትን ለይቶ ያወጣል፤ ያወጣቸውንም ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር አገናኝቶ ትርጉም ይሰጣቸዋል። አንባቢ ያልገባውን መስመር ተመልሶ ሊያነብ ይችላል፤ አድማጭ ግን የተናጋሪውን ፍጥነት መከተል ግድ ይለዋል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከአንድ የትምህርት ዓይነት በላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ማዳመጥ ያልተማረ ልጅ ኋላ ላይ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም ያጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው ምክንያት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች ሲኖሩት፣ መደበኛው የብሪታንያ እንግሊዝኛ ጥምሮቹን ጨምሮ ሃያ ያህል አሉት። በግና መርከብ የሚል ፍቺ ያላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ ልጁም በጆሮው የሚለያቸው ብዙ ከሰማ በኋላ ነው። በአንጻሩ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ያለውን ልዩነት ያለ አንዳች ችግር ይለያል፤ እንግሊዝኛ ግን በዚህ መንገድ ቃላትን አይለይም። የንግግር ፍሰቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በሰሌዳ ላይ «ኤንድ» ብሎ የተማረው ቃል በፈጣን ንግግር ውስጥ «ን» ብቻ ሆኖ ያልፋል። ቃሉን በጽሑፍ ማወቅና ሲነገር ማወቅ የተለያዩ መሆናቸው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ከባዱ፣ ልጁ የሚሰማው እንግሊዝኛ መጠንና ጥራት ነው። ለአብዛኛው የገጠር ተማሪ ብቸኛው ምንጭ የመምህሩ ድምፅ ነው። መምህሩም በአብዛኛው ቋንቋውን ከመጽሐፍ የተማረ በመሆኑ፣ የማዳመጫውን ምንባብ ቃል በቃል እየነጠለ ያነባል፤ ተማሪው የለመደው እንግሊዝኛ ከተፈጥሯዊው ንግግር የሚርቀውም ለዚህ ነው። ይህን በመምህሩ ስንፍና ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እርሱም ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። የከተማ ልጆች ከቴሌቪዥንና ከስልክ ብዙ ይሰማሉ። ይሁንና መስማት ብቻውን አይበቃም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛ ድምፆችን መለየት የቻሉት በአካል ከሚያጫውታቸው ሰው እንጂ ከቪዲዮ አልነበረም። ግኝቱ ስለ ሕፃናት ቢሆንም፣ የሰው መልስና ምልክት የሌለበት ድምፅ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ይጠቁማል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርትም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፦ ያልገባው ተማሪ በማያ ገጹ ላይ ያለውን አስተማሪ «ይድገሙልኝ» ሊል አይችልም ነበር።

የመማሪያ ክፍሉ ሁኔታ ሦስተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በክፍል ውስጥ ያለው የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ክረምት ሲቃረብ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ በተጨናነቀ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ የራሱን ቋንቋ እንኳ በወጉ አይሰማም። በተደጋጋሚ የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን የመስማት አቅሙ የቀነሰም አለ፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሳይመረመር «ሰነፍ» ይባላል።

ፍርሃትም ጆሮን ይዘጋል። ስህተት የሚያሳቅቅበት ክፍል ውስጥ ልጁ ከመልእክቱ ይልቅ መቼ እንደሚጠየቅ ያስባል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዳበረው ዘዴ ይህን ያቃልላል፦ ልጆቹ «ተነሱ»፣ «በሩን ንኩ» የሚሉ ትእዛዞችን ሰምተው በእንቅስቃሴ ይመልሳሉ፤ እስኪዘጋጁ ድረስ እንዲናገሩ አይገደዱም። ወጪ ስለማይጠይቅ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ ክፍሎች እጅግ ተስማሚ ነው።

የመጨረሻው ምዘና ነው። የብሔራዊ ፈተናው የእንግሊዝኛ ወረቀት የሚነበብ እንጂ የሚደመጥ ጥያቄ የለውም። በመሆኑም የማዳመጥ መልመጃ በየምዕራፉ ቢኖርም፣ ጊዜ ሲያጥር ቀድሞ የሚዘለለው እርሱ ነው፤ ክፍለ ጊዜውም ለሰዋስው ይሰጣል።