ሁለት ሞተር ያለው ካሚዮንና ታማኙ መካኒክ

ከጅማ ተነሥቶ ጎጀብን የተሻገረና ቦንጋን አልፎ ወደ ሚዛን የሚጓዝ መንገደኛ ሺሺንዳን ሳያይ አያልፍም። አገሩ ደን የለበሰ፣ ዝናብ የማያጣው፣ ቡናና ማር የሞላበት የከፋ ምድር ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ቡናው ከዚህ ወጥቶ ገበያ የሚደርሰው በካሚዮን ነው። ካሚዮኑ መንገድ ላይ የቆመ እንደ ሆነ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ሾፌሩም አብረው ይቆማሉ፤ ዝናብ ያገኘው ቡናም ይሻግታል። ስለዚህ የመካኒክ ነገር የሾፌር ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ነገ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ተረክበው የጥገና ሒሳብ በፊርማቸው የሚያጸድቁ ወጣቶች ሊያስቡበት ይገባል።

የአገራችን መካኒክ ሙያውን በአብዛኛው የተማረው በእጁ ነው። በልጅነቱ ጋራዥ ገብቶ ቁልፍ እያቀበለ፣ ዘይት እየጠረገ፣ የጌታውን እጅ እያየ አደገ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው የጋራዥ አማርኛ ሆነው መቅረታቸው ለዚሁ ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ባለሙያ የናፍታ ሞተርን በጆሮውና በዓይኑ ይመረምራል። ጢሱ ጥቁር ሲሆን የአየር ማጣሪያውን ወይም የናፍታውን አረጫጨት ይጠረጥራል፤ ሰማያዊ ሲሆን ሞተሩ ዘይት መብላቱን ያውቃል። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም።

አሁን ግን ጆሮ ብቻውን የማይበቃበት ዘመን መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች የማይወራበት ቦታ የለም። ሃይብሪድ የተባለው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ የነዳጅ ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም አለው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ሠርቶ ነበር። የጃፓኑ ሂኖ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ሃይብሪድ አውቶቡስ አወጣ፤ ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሪየስን ለገበያ አቀረበ። በኋላም ሂኖና አይሱዙ በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ የጭነት መኪናዎችን አወጡ።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጸው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ፣ በተራው መኪና ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይል ከፊሉ በሃይብሪዱ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በትልቁ ባትሪ ይከማቻል፤ ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ያው ኃይል ሞተሩን ያግዘዋል። ወደ ጎጀብ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ባትሪው ከሞላ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልም፤ በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪኩ የመያዝ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ሾፌሩ እንደ ቀድሞው ሁሉ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ኃይል እየያዘ መውረድ ይገባዋል።

መኪናው እምቢ ያለ ጊዜ ምርመራው ከቀላሉ ይጀመር። በመጀመሪያ የትኛው መብራት እንደ በራ፣ ዳገት ላይ ይሁን ወይስ ዝናብ ሲዘንብ፣ በወረቀት ይመዝገብ። ሁለተኛ ትንሹ ባትሪ ይታይ፤ ትልቁ ባትሪ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ትንሹ በመድከሙ ወይም ጫፉ በመዛጉ ብቻ ኮምፒዩተሩ ሳይነቃ መኪናው ሊቆም ይችላል። ሦስተኛ ፊውዝ፣ የራዲያተር ውሃ፣ ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው የአየር መግቢያ ይፈተሹ፤ መግቢያው በአቧራ ከተዘጋ ባትሪው በሙቀት ይጎዳል። ከዚያ በኋላ በመመርመሪያ መሣሪያ የብልሽቱ ቁጥር ይነበብ። ነገር ግን ቁጥሩ ብልሽቱ በየት በኩል እንዳለ ይጠቁማል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሚለወጥ አይፈርድም። ቁጥሩን አይቶ ወዲያው ዕቃ ግዙ የሚል ሰው ሥራውን ገና አልጀመረም።

ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሽቦ ሲታይ ግን እጅ ይሰብሰብ። በዚያ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ብዙ ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ ስለ ሆነ ሰው ይገድላል። የሠለጠነ ባለሙያ መኪናውን አጥፍቶ፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ ጓንት አጥልቆ፣ የትልቁን ባትሪ ማቋረጫ ይነቅላል፤ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ ፋብሪካው ያዘዘውን ያህል፣ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል፣ ይቆያል፤ ከዚያም ለክቶ ኃይል አለመኖሩን ሳያረጋግጥ አይነካም። በልምድ ብቻ የሚደፍር ወጣት ረዳት ሕይወቱን ያጣል።

እንግዲህ ታማኝ መካኒክ በምን ይታወቃል? ሳይመረምር ዋጋ አይቆርጥም። የሚለውጠውን ዕቃና የእጁን ዋጋ ለይቶ ይጽፋል። ያወለቀውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ያስረክባል። ከጠገነ በኋላ ሾፌሩን አስቀምጦ መኪናውን ዳገት ያስወጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን፣ «ወንድሜ፣ ይህን አልተማርኩትም፤ አልነካውም» ብሎ የሚያውቅበትን ሰው መጠቆሙ ነው። ይህን የሚል ሰው ገበያ ያጣ ይመስላል፤ ደንበኛው ግን ለናፍታ ሞተሩ፣ ለፍሬኑና ለባሌስትራው ወደ እርሱ ይመለሳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት እውነት ቢሆንም፣ ሁሉን መጠርጠርም ሐቀኛውን ከሌባው ጋር ይቀጣዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጥገና ቀን፣ ኪሎ ሜትርና የተለወጠው ዕቃ በመዝገብ ይያዝ፤ መዝገቡ ሐቀኛውን ከሐሜት ያድነዋል፣ ሌባውንም ያጋልጠዋል።

ለወጣት ሹማምንት የምናሳስበው ይህ ነው። አዲስ መኪና ለመግዛት ስትስማሙ ስለ ዋጋውና ስለ ነዳጁ ብቻ አትጠይቁ፤ ሺሺንዳ ላይ ቢቆም ማን ያነሣዋል፣ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ። የቁልፍ ሥራ ለሚያውቁት መካኒኮች የኤሌክትሪኩን ትምህርት መጨመር፣ ጓንቱንና መለኪያውን ማቅረብ፣ ሞተሩን ከመለወጥ የሚያንስ ወጪ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። ተማሪዎችም ዘይት የነካ እጅን አትናቁ፤ ያ እጅ የእናንተን ፊዚክስ ይፈልጋል፣ የእናንተም ፊዚክስ ያለ እርሱ ካሚዮን አያስነሣም።