ተልባና ልባችን

ተልባን የማያውቅ ገበሬ የለም። በደጋው ማሳ ሰማያዊ አበባውን እናየዋለን። በጾም ወራት እንጀራ እንፈተፍትበታለን። ሆድ ሲደርቅብን በጥብጠን እንጠጣዋለን። ታዲያ ተልባ ለልብስ ይጠቅማል ወይ? አዎን፣ ይጠቅማል። አበላሉን ግን ማወቅ አለብን።

በመጀመሪያ ስለ ልብ እንነጋገር። ልብ ደምን ይገፋል። ደሙ በደም ሥር እየሄደ መላ ሰውነታችንን ይመግባል። የመስኖ ቦይ ደለል ሲሞላው ውሃው መንገድ ይጠበዋል። የደም ሥርም እንዲሁ ነው። ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ሲከማችበት ይጠባል። የደም ግፊት ሲበዛ ደግሞ የደም ሥር ይጎዳል፤ ልብም ይደክማል። ደም ወደ ልብ መድረሱ ቢቋረጥ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል። ወደ አንጎል መድረሱ ቢቋረጥ ግማሽ አካሉ ሽባ ሊሆን፣ አንደበቱም ሊያያዝ ይችላል።

ተልባ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች አሉት።

አንደኛው ዘይቱ ነው። ከተልባ ፍሬ ከ100 እጅ 40 እጅ ያህሉ ዘይት ነው። ከዘይቱም ከግማሽ የሚበልጠው ኦሜጋ 3 የሚባለው፣ ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ዝልግልጉ ነው። ዝልግልጉ አንጀት ውስጥ ኮሌስትሮልን ይይዝና ከሰገራ ጋር ያወጣዋል። ስለዚህ ተልባ ስንበጠብጥ ዝቃጩን ባንደፋው ይሻላል።

ሐኪሞች ይህን በሰው ላይ ሞክረው አይተዋል። በካናዳ አገር የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ 110 በሽተኞች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በምግብ ውስጥ ገብቶለት ለ6 ወር በላ። ሌላው ወገን ተልባ የሌለበት ምግብ በላ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ተልባ በበሉት ሰዎች የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በ10 ያህል፣ የታችኛው በ7 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልብ እንበል! ከእነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒትም ይወስዱ ነበር።

እንግዲህ እንዴት እንብላው?

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» እንላለን። እውነትም ተልባ ሙቀጫ ያስፈልገዋል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ሳይሰበር የተዋጠ ተልባ እንደ ገባ ይወጣል። ስለዚህ ቆልተን እንውቀጠው ወይም እንፍጨው። የተፈጨ ተልባ ቶሎ ይበላሻል፤ ይመራልም። ለጥቂት ቀን የሚበቃንን ብቻ ፈጭተን፣ ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጥ። በቀን በአንድ የሾርባ ማንኪያ እንጀምር። ውሃም በብዛት እንጠጣበት።

ጨው እንቀንስ። ተልባ ያለ ጨው አይጥመንም የምንል ብዙዎች ነን። ጨው ግን የደም ግፊትን ይጨምራል። ተልባው የሠራውን ጨው ያፈርሰዋል። አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በጠቅላላው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ነገር ይኸውና። «ተልባ እጠጣለሁ፤ ክኒኑ ይቅርብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። የደም ግፊት ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። «ደህና ነኝ» ባልንበት ቀን ግፊታችን ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ይህን የሚያሳውቀን መለኪያው ነው። ስለዚህ ተልባ ምግባችን ይሁን፤ ክኒኑንም ሐኪም ሳያዝ አናቋርጥ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አንውሰድ፤ ክኒኑን ከወሰድን በኋላ ሰዓት ያህል እንቆይ። ነፍሰ ጡር የሆነችና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተልባ ከማዘውተራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

ለገበያ ስንወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለን ግፊታችንን እንለካ። ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት እንጻፋቸው። ዛሬ ቁጥር ማንበብም መጻፍም እንችላለን። በሚቀጥለው ስንለካ ከቀድሞው ጋር እናስተያያቸው። ይህን ጽሑፍም ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን እናንብብላቸው።