ሲሄድ ያርፋል፣ ሲመለስ አያርፍም

ከምዕራብ ሸዋዋ ጎጆ ከተማ ተነስቶ አሜሪካ ያለ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አድርጎ ቦሌ ይደርሳል። ከዚያ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሄድ እንደ ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ጉዞው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። ሲመለስ ግን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። ርቀቱ ያው፣ አውሮፕላኑም ያው ሆኖ ሳለ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ዋናው ምክንያት የጎጆ ሰው በየቀኑ የሚኖረው ነገር ነው፤ ደጋነት። በጎጆ ድንች ሲቀቀል ከቆላው ይልቅ ይቆያል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ቦሌም ከጎጆ ዝቅ ይበል እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላንን ወደ ላይ የሚያነሳው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው፤ ሞተሩም ጉልበት የሚያገኘው አየር ስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ማኮብኮቢያው ደግሞ ማለቂያ አለው፤ ጎማውም የሚችለው ፍጥነት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይላል። መንገደኛና ጭነት ከሚቀር ነዳጁ ጎድሎ፣ ዝቅ ያለ አገር ላይ ቢሞላ ይሻላል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገፋዋል፤ ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ያግዘዋል።

ደብሊን ማረፍ ግን መንገዱን ያን ያህል አያጣምመውም። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ አየርላንድ ወደ ሰሜን የራቀች ትመስላለች። ምድር ክብ ስለሆነች ግን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወስደው አጭሩ መስመር ራሱ አውሮፓን አቋርጦ ያልፋል። በደብሊን ሲኬድ የሚጨመረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከጎጆ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከሚፈጀው እምብዛም አይበልጥም። ሰዓቱን የሚበላው ወርዶ፣ ነዳጅ ሞልቶ እንደገና መነሳቱ ነው።

እንግዳ ለመቀበል ቦሌ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። የቲኬቱ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከዋሽንግተን ረፋድ ላይ የተነሳው በረራ ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ማለዳ ስለሆነ፣ የጎጆ ሰው ዋዜማውን አዲስ አበባ ቢያድር ይሻለዋል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እዚያ ያለው ወፈር ያለ አየር አውሮፕላኖች ተጨማሪ ነዳጅና ጭነት ይዘው እንዲነሱ ያስችላል። ዋሽንግተን በአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትቀርብም፤ ከደጋው ለሚነሳ አውሮፕላን ግን መንገዱ ይቀልለታል።