በሁለት ባይት የተጻፈ ትእዛዝ

ቢቸና ወይም ሞጣ በገበያ ቀን ብትወጡ ዛሬም ባለ ቁልፍ ኖኪያ በኪሱ የያዘ ገበሬ አታጡም። እንዲህ ያሉት ስልኮች በዚያች ጠባብ ሜሞሪ ያን ሁሉ ሥራ መቻላቸው ያስደንቀኛል። አንዱ ምክንያት የፕሮሰሰራቸው ትእዛዝ አጻጻፍ ነው።

ማንኛውም ፕሮግራም በመጨረሻ በቁጥር ተጽፎ ሜሞሪ ላይ የሚቀመጥ የትእዛዝ ሰልፍ ነው። የትእዛዙ ርዝመት ግን ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል። በሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን ቁጥር በሚይዝበት ትንሽ ቦታ) ላይ «አንድ ጨምር» የምትለውን ትእዛዝ እንውሰድ። ኢንቴል በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው 8086 አንድ ባይት ይበቃታል። በሞቶሮላ 68000 ሁለት ባይት ትይዛለች። በሚፕስ ግን አራት ነው፤ ነዳፊዎቹ ትእዛዝ ሁሉ እኩል አራት ባይት እንዲሆን ወስነዋልና።

ታዲያ ሚፕስ አባካኝ ነው? አይደለም። የሁለት ሬጅስተሮችን ድምር ሦስተኛው ላይ እናስቀምጥ። 8086 መጀመሪያ አንዱን ቁጥር ይገለብጣል፣ ከዚያ ሌላውን ይደምርበታል፤ ሁለት ሁለት ባይት፣ በድምሩ አራት። 68000ም እንዲሁ። ሚፕስ በአንዲት ትእዛዝ ይጨርሰዋል፣ እሷም አራት ባይት ናት። ልዩነቱ ጠፋ!

የእንግሊዙ አርምም እንደ ሚፕስ በአራት ባይት የጀመረ ነው። ስልክ ውስጥ ሊገባ ሲል ግን ይህ ርዝመት ከበደው። በ1994 እ.ኤ.አ. ግድም በመጣው አርም7ቲዲኤምአይ ላይ «ታምብ» የሚባል ባለ ሁለት ባይት አጻጻፍ ተጨመረለት። ቦታው የተገኘው በቅነሳ ነው። በአርም እያንዳንዱ ትእዛዝ «ይህ ሁኔታ ከተሟላ ብቻ ሥራ» ለማለት አራት ቢት (ግማሽ ባይት) ይይዝ ነበር፤ ታምብ ይህን ከአብዛኞቹ ትእዛዞች አነሳው። ከ16ቱ ሬጅስተሮችም አብዛኞቹ ትእዛዞች የሚያዩት ስምንቱን ብቻ ስለሆነ አንዱን ለመጥራት ከአራት ቢት ይልቅ ሦስት በቃ።

በዚህ የተነሳ ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገው የትእዛዝ ብዛት ይጨምራል። እያንዳንዱ ግን ግማሽ ስለሆነ ፕሮግራሙ በጠቅላላው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። በአንድ ጊዜ ሁለት ባይት ብቻ በሚያቀብል ርካሽ ሜሞሪ ላይ ደግሞ ፍጥነትም ይገኝበታል፤ አራት ባይቱ ትእዛዝ ሁለቴ መምጣት አለበትና። በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኖኪያ 6110 የሠራው በዚሁ በአርም7ቲዲኤምአይ ነው።

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠኑ ወጣቶች፣ ፕሮሰሰሮችን በኮድ መጠን ስታወዳድሩ በአንዲት ትእዛዝ አትፍረዱ። አንድ ሙሉ ፕሮግራም ለሁሉም አዘጋጁ፣ አብሮት የሚመጣውን ላይብረሪ ለይታችሁ አውጡ፣ ከዚያ ባይቱን ቁጠሩ።